ወይዘሪት ፍሬሕይወት በሁለት ፕሮሰሰሮች ላይ ያደረጉት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ኪዳነወልድ በአዳማ ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ሱቃቸውን በከፈቱ በአራተኛው ዓመት፣ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋ የነበረበት ዘመን አልፎ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚጠፋበት የሰላም ዘመን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ነፋስ ከወለንጪቲ በኩል አቧራ ተሸክሞ በሚገባበትና ሰው ሁሉ የግድግዳ ጥላ እየተከተለ በሚሄድበት ወራት የሆነው ነገር ይህ ነው።

እኒህ ወይዘሪት ፍሬሕይወት፣ ካቻቢቴ በእጃቸው የሚታዘዝላቸው፣ የሞተ ሃርድ ዲስክ አስነሺ፣ ብሎን የወደቀባቸው እንደ ሆነ ሳያገኙት የማይቀመጡ፣ ሳይለኩ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም ድምፃቸው ከኮምፒውተር ፋን ድምፅ የማይበልጥ፣ በጌም ቤቶች ሁሉ ዘንድ የታወቁት በአንዲት ወረቀት ነበር። ወረቀቷም በኦቦ ገመዳ ጌም ቤት በበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች፣ በእጅ የተጻፈች፣ በፕላስቲክ የተለበጠች ናት። ፕሮሰሰር ስለሚባለው፣ የኮምፒውተሩ አእምሮ ስለሆነው ትንሽ ካሬ ነገር ትናገራለች፤ ቤንችማርክ የተባለው የመፈተኛ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ስንት ነጥብ እንደ ሰጠው ትዘረዝራለች። ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ሁሉ፣ ከወለንጪቲም ይሁን ከሞጆ፣ ከመቂም ይሁን ከባቱ፣ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት መጥቶ ወረቀቷን በስልኩ ያነሣ ነበር፤ «የፍሬ ወረቀት ምን ይላል?» ሳይሉ ፕሮሰሰር መግዛትም በደረቀ ወንዝ ላይ መረብ እንደ መጣል ይቆጠር ነበር።

ለወይዘሪት ፍሬሕይወትም ይህች ወረቀት ከሱቃቸው ታፔላ ትበልጥባቸው ነበር፤ ታፔላውን የጻፈው ሌላ ሰው ነውና፣ ወረቀቷን ግን የጻፏት ራሳቸው ናቸው።

በዚያ ዓመት ወረቀቷ ስለ ሁለት ፕሮሰሰሮች ትናገር ነበር። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ የሚገጠሙ ወንድማማቾች ሲሆኑ አንደኛው በቢጫ ካርቶን፣ ሁለተኛው በአረንጓዴ ካርቶን ተሸፍኖ ይመጣል። ቢጫው አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃያ ነጥብ አመጣ፣ አረንጓዴው ግን አሥራ አምስት ሺህ አንድ መቶ አሥር ብቻ አመጣ ብላ መስክራለች። ኦቦ ገመዳም ይህን አንብበው፣ ስምንቱን ኮምፒውተሮቻቸውን ሊያድሱ ባሰቡ ጊዜ፣ ለሙከራ ቢጫውን ገዝተው በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ አስገጠሙ። አንደኛው ኮምፒውተር የሊቀ ተጫዋቹ የደሊል ዙፋን ነው። ደሊል ቀን ቀን ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ከሰዓት በኋላ የኳስ ጌም የሚጫወት፣ በጌም ቤቱ ቡድን ላይ አለቃ የሆነ ወጣት ነው።

ወእምዝ በአንድ ሰኞ በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ በተቀመጠች ጊዜ፣ ደሊል በዚያ በአዲሱ ቢጫ ፕሮሰሰር ላይ ተቀምጦ ሳለ አራት ለዜሮ ተሸነፈ። ያሸነፈውም ከደብረ ዘይት መንገድ አቋርጦ የመጣ፣ ስሙን እንኳ ያልተናገረ እንግዳ ነው። በቀድሞ ዘመን አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን በጌም ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ይነገራል። ደሊልም ስልኩን አንሥቶ በድምፁ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«የሰማህ ላልሰማው ንገር። እኔ ደሊል ዛሬ አራት የገባብኝ በእጄ ጥፋት አይደለም፤ በፕሮሰሰር ነው። አጥቂዬ ጎሉ አፍ ላይ ደርሶ ፎቶ ሆኖ ቀረ። ቁጭ ብዬ አየሁት፤ በረኛው ራሱ አዘነልኝ። ፍሬዬ፣ በጣም አከብርሻለሁ፣ ግን ያ ወረቀትሽ ተረት ነው።»

ይህ አዋጅ ሳይበርድ፣ አረንጓዴውን ፕሮሰሰር የሚሸጠው ባለሱቅ ዘካርያስ፣ ከጥር ወር ጀምሮ በልቡ ይዞት የቆየውን ቃል እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ወገን፣ ዘካርያስ ነኝ። ከጥር ወዲህ አረንጓዴውን የጠየቀኝ ሰው የለም። ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዲት ወረቀት። እኔ ሱቅ ውስጥ አሥራ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ አምጥቷል፤ ፎቶው ይኸው። የተጠራጠረ ይምጣ፣ ሻይ በእኔ።»

እንግዲህ ስለ አረንጓዴው ሁለት ቁጥሮች ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ከአንድ የመፈተኛ ፕሮግራም የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ግን እውነት ሊሆኑ አይችሉም ተባለ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ገመዳ፣ የስምንት ኮምፒውተርና የአሥራ ሁለት ወንበር ባለቤት፣ በበሩ ላይ ቆመው፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦

«ስሙኝ ልጆቼ። ቅዳሜ የባቱ ልጆች ይመጣሉ። አምና እነሱ ጋ ሄደን፣ ዓሣቸውን በልተን፣ አሸንፈን፣ እየዘፈንን ተመልሰናል። ዘንድሮ እዚህ መጥተው የገመዳ ኮምፒውተር ይንተባተባል ብለው ይሥቁብኝ? አይሆንም። ፍሬ ልጄ፣ እወድሻለሁ፣ ዋቃ ያውቃል። ግን እስከ ዓርብ ወይ ቁጥርሽን በዓይኔ አሳዪኝ፣ ወይ ወረቀትሽን ከግድግዳዬ አወርዳለሁ፤ ስምንቱም አረንጓዴ ይሆናል።»

ወይዘሪት ፍሬሕይወትም ይህን ሰምተው አልተከራከሩም። ወደ ሱቃቸው ተመልሰው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባለመስመር ደብተር በብብታቸው ይዘው መጡ፤ ወለሉንም እያዩ ሕጋቸውን እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦

«አንድ ጊዜ የተለካ እንዳልተለካ ነው፤ አምስት ጊዜ እንለካለን። ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል፤ ግራፊክስ ካርዱም፣ ሚሞሪውም። ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋል፤ ደሊል፣ የምታወርደው ፊልምም ጭምር። የመጣው ቁጥር ሁሉ ይጻፋል፤ ደስ ያሰኘንም፣ ያሳፈረንም።»

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ቢጫው ተፈተነ። የቤንችማርኩ ፈተና ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያው ዙር አሥራ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ነጥብ መጣ፤ በሁለተኛው አሥራ አምስት ሺህ ሃምሳ፤ በሦስተኛው አሥራ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ። እንደ ደከመ በቅሎ ዙር በዞረ ቁጥር ወደ ኋላ ቀረ። በአራተኛው ዙር መብራት ጠፋ። ደሊል «እንግዲህ አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ በለው» ብሎ ቢመክርም፣ ወይዘሪት ፍሬሕይወት በደብተራቸው «አራተኛው ዙር፦ መብራት ጠፋ» ብለው ጻፉ እንጂ ያልታየ ቁጥር አልጻፉም። መብራት ሲመለስ ከአንድ ጀመሩ። ያም ሆነ ይህ አሥራ ስምንት ሺህ የምትባለው አልተገኘችም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ዘካርያስ ሱቅ ዘመቱ። ያ ሱቅ የመስታወት በር ያለው፣ ኤሲ የሚነፍስበት፣ ከውጭ የገባ ሰው ላቡ በግንባሩ ላይ የሚደርቅበት ነው። ዘካርያስም ሻዩን አቅርቦ፣ በኩራት ቆሞ፣ አረንጓዴውን አስነሣ፤ አሥራ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ መጣ። ወይዘሪት ፍሬሕይወት አምስት ጊዜ ካላየሁ ብለው ቆሙ፤ አምስቱም ጊዜ በዚያው አካባቢ መጣ። ዘካርያስ አልዋሸም። ይህም ከውሸት ይልቅ አስጨነቃቸው፤ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበርና። ፕሮሰሰሩን እንዲያውሳቸውም በለመኑት ጊዜ፣ ዘካርያስ ከሳጥኑ አውጥቶ በሁለት እጁ እየሰጠ፣ «ፍሬ፣ እሱን የምሰጥሽ ስለማምንሽ ነው፤ ተቀይሜሽ እንኳ ስለማምንሽ ነው» ሲል አወጀ።

ያንኑ ቀን በስምንት ሰዓት አረንጓዴው በኦቦ ገመዳ ቤት፣ በዚያው በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ተገጠመ። አሥራ አምስት ሺህ ሁለት መቶ መጣ፤ ከዚያም እንደ ቢጫው እየደከመ ወረደ። ሊቀ ተጫዋች ደሊል ሊጫወትበት ቢሞክር፣ አጥቂው እንደገና ጎሉ አፍ ላይ ፎቶ ሆነ። ከተመልካቾቹም መካከል አንዱ፣ ስሙ ያልተመዘገበ፣ «ደሊል አልበም ሊያሳትም ነው» ብሎ አወጀ፤ ብዙ ሰዎችም ሣቁ።

ወይዘሪት ፍሬሕይወት ግን አልሣቁም። ቢጫው በጥር አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃያ ሲያመጣ በዓይናቸው አይተዋል፤ እጃቸው ነው የጻፈው። ስለዚህ ያንን ፈተና እንደ ነበረ ሁሉ፣ በነበረበት ስፍራ ሊደግሙት ቆረጡ። ስፍራውም ሁሩታ፣ የእናታቸው የወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ነው፤ ለጥምቀት በሄዱ ጊዜ ቢጫውን እዚያ ፈትነውት ነበርና። ሙቀት ፕሮሰሰርን እንደሚያደክም ጠፍቷቸው አይደለም፤ ለደንበኛ ሁሉ የሚናገሩት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ዓሣ ውሃውን እንደማያየው፣ አዳማ የኖረ ሰውም ሙቀቱን አያየውም።

ወበሳኒታ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሠራዊቱ ተነሣ። በፊት የአስፋው ባጃጅ፣ ጥሩምባዋን እየነፋች፤ በውስጧም የአንደኛው ኮምፒውተር ሳጥን፣ ኬዙ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በወይዘሪት ፍሬሕይወት ጭን ላይ፤ ከአጠገባቸው ሞኒተሩ በደሊል እቅፍ፤ በእግራቸው ሥር ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ማከፋፈያ፣ ካቻቢቴዎች በመጠናቸው ተራ፤ በኪሳቸውም ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው በየሳጥናቸው። ደሊል የመጣው ለመርዳት አልነበረም፤ ምስክር ሆኖ ነው፤ የሚያየውንም ሁሉ በግሩፑ ላይ ሊያውጅ ለሕዝቡ ቃል ገብቷል።

በመናኸሪያውም የሚኒባሱ ረዳት ሠራዊቱን አስቁሞ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን አይቶ፣ «ሰው ከሆነ ጠጋ ይበል፤ ዕቃ ከሆነ ላይ ይውጣ» ሲል አወጀ። ወይዘሪት ፍሬሕይወትም ሰው ነው ለማለት ሕሊናቸው አልፈቀደምና፣ ዕቃ ነው ብለው ላይ ለማውጣትም ልባቸው አልፈቀደምና፣ አንድ ወንበር ጨምረው የሦስት ሰው ከፈሉ፤ ኬዙም በመስኮት በኩል ተቀምጦ ሄደ። መልካሳን አልፈው፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረው፣ ዴራን ወደ ኋላ ትተው፣ ዳገቱን በወጡ ጊዜ አየሩ ተለወጠ፤ የአርሲ መሬት ታርሶ ጠቁሮ ታየ፤ በቲሸርት የመጣው ደሊልም እጆቹን በብብቱ ከተተ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የሰባት ጥማድ ስንዴ እመቤት፣ ልጃቸውን ከሩቅ አይተው፣ የተጠቀለለውንም አይተው፣ «ሰው ልጅ አዝሎ ይመጣል፤ ይቺ ብረት አዝላ መጣች» ብለው አወጁ። ለደሊልም የራሳቸውን ባለ አበባ ሹራብ አለበሱት፤ እርሱም ሳይከራከር ለበሰ።

ኮምፒውተሩ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተተከለ። ቢጫው ተገጠመ። አሥራ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ መጣ። ከአዳማው እጅግ የበለጠ ነው፤ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃያ ግን አይደለም። ወይዘሪት ፍሬሕይወት ደገሙ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ደገሙ፤ ያው ነው። ደሊልም በአበባው ሹራብ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ። በዚህች ሰዓት ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የፈላ ወተት በሁለት ኩባያ ይዘው የገቡት፣ የዘመቻውን ዕጣ የለወጠውን ቃል እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦

«እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። ግን ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ ሳጥኑን እዚህ አላስቀመጥሽውም። ስንዴው ያለበት ክፍል፣ መስኮቱ ላይ ነው። ብርድ ገባ፣ ዝጊው ብልሽ ‹ተይው እማዬ፣ ደስ ብሎታል› አልሽኝ። እሱ ደስ ብሎት፣ እኔ ሁለት ሳምንት ስስል ከረምኩ።»

ወይዘሪት ፍሬሕይወት ኩባያውን አስቀመጡ። ኬዙን አንሥተው፣ በስንዴው ጆንያዎች መካከል አልፈው፣ በክፍቱ መስኮት ላይ አኖሩት። ከአርሲ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በቀጥታ ይገባል። ቢጫው አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ አመጣ። ከዚያም ቢጫውን ነቅለው አረንጓዴውን ገጠሙ። አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ መጣ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላቸው። በጥር ቢጫውን የፈተኑት እዚህ ነው፣ በዚህ መስኮት ላይ፣ በማለዳ። አረንጓዴውን ግን የፈተኑት ከበዓል ሲመለሱ ነው፣ በአዳማ፣ በሱቃቸው ቆርቆሮ ሥር፣ በስምንት ሰዓት። በደብተራቸው ነጥቡን በትክክል ጽፈዋል፤ የጻፉት ቁጥር አንዱም ሐሰት አልነበረም፤ ስፍራውን ግን አልጻፉም። ወደ ደሊልም ዘወር ብለው ይህን ብቻ ተናገሩ፦ «ሁለቱን ያወዳደርኩት አንዱን ደጋ፣ አንዱን ቆላ አቁሜ ነው። ዘካርያስን በድዬዋለሁ።»

በአዳማ ስልኮች ሁሉ ተከፍተው የምስክሩን አዋጅ ይጠብቁ ነበር። ደሊል ብዙ ጻፈ፣ ብዙም አጠፋ። በመጨረሻም በግሩፑ ላይ የላከው ይህን ነው፦ «ደርሰናል። አየሩ ጥሩ ነው።» ይህም አዋጅ ስለ አጭርነቱና ስለ ምሕረቱ በዚህ መዝገብ ገብቷል።

ዓርብም ሆነ። የቀጠሮው ቀን ነው። ሕዝቡ በኦቦ ገመዳ ቤት ተሰበሰበ፤ ዘካርያስም መጣ፣ ሱቁን ዘግቶ። የጌም ቤቱ ጎረቤት ወይዘሮ ፋዲላ፣ ዶሮ የሚያረቡት፣ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ወይዘሪት ፍሬሕይወት፣ ከሰው ፊት ከመቆም ሞት የሚቀላቸው፣ በወረቀቷ አጠገብ ቆመው፣ ድምፃቸው ከፋኑ በላይ እንዲሰማ አንደኛውን ኮምፒውተር አጥፍተው፣ በራሳቸው ላይ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ይህ ወረቀት ስለ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሚለው ስሕተት ነው። አንዱን ሁሩታ ለካሁ፣ አንዱን አዳማ። ዘካርያስ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ኦቦ ገመዳ፣ ቢጫ ግዙ ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ ግን አረንጓዴም ቢገዙ ይኸው ነው። የሚንተባተበው ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ ቤቱ ነው።»

በዚህ ጊዜ ኦቦ ገመዳ ወደ መስኮቶቻቸው ተመለከቱ። ሁለቱም መስኮቶች ከአቧራው የተነሣ በሸራ ተጠቅልለው በሚስማር የተቸነከሩ ናቸው። ወይዘሮ ፋዲላም ከጫጩት ቤታቸው የሙቀት መለኪያ አስመጡ፤ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተነበበ። እርሳቸውም «በዚህ ሙቀት ጫጩቶቼ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚተነፍሱት» አሉ። ኦቦ ገመዳ ግን፣ ቤታቸውን ስለ መከላከል፣ «መስኮቱ ከተከፈተማ ወለንጪቲ ራሷ ናት የምትገባው» ሲሉ አወጁ።

ለዚህ አዋጅ መልስ የሰጠ ጠቢብ አልነበረም፣ ከወይዘሮ ፋዲላ በቀር፦ «ጫጩት አየር ይፈልጋል፤ አቧራ ደግሞ ይገድለዋል። እኔ የወባ አጎበር እጥፍ አድርጌ ነው መስኮት ላይ የምሰቅለው፤ ነፋሱ ይገባል፣ አቧራው ይቀራል። ኮምፒውተር ከጫጩት ይበልጣል እንዴ?»

ወዲያው አጎበር ከየቤቱ መጣ። ሸራው ተቀደደ፤ ሚስማሩ በፒንሳ ተነቀለ፤ አጎበሩ እጥፍ ሆኖ ተወጠረ። ወይዘሪት ፍሬሕይወትም የስምንቱን ኮምፒውተሮች ሆድ ከፍተው፣ በቀለም ብሩሽ ከየፋኑ ላይ ያወጡት አቧራ አንድ ትራስ ይሞላል ተብሎ ተገመተ፤ ደሊል ግን ሁለት ይሞላል ብሎ ተከራከረ። በፕሮሰሰሮቹ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ ነበርና ተፍቆ አዲስ ተቀባ። የመለኪያው ዲግሪ ወደ ሃያ ዘጠኝ ወረደ።

ከዚያም ፈተናው በስውር እንዲሆን ተደነገገ፤ ዓይን የካርቶኑን ቀለም ካየ ልብ አስቀድሞ ይፈርዳልና። ሁለት እኩያ ኮምፒውተሮች፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ ያለው፣ ከአንሶላ መጋረጃ ጀርባ ተቀመጡ፤ ከፊት የሚታየው ሞኒተሩ ብቻ ነው። ወይዘሮ ፋዲላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው፣ እንዳሻቸው አንዴ የዚህን አንዴ የዚያን ገመድ ይሰካሉ። ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ተጫውቶ የትኛው እንደ ሆነ ይናገራል።

ደሊል አራት ጊዜ ገምቶ ሦስቱን ሳተ። ኦቦ ገመዳ አንድ ጊዜ ብቻ ገምተው፣ ስተው፣ መነጽሬን አልያዝኩም አሉ። ዘካርያስም ቀርቦ፣ ጆሮውን ወደ መጋረጃው አዘንብሎ፣ «ይህ አረንጓዴው ነው። አራት ወር አብሮኝ ኖሯል፤ በትንፋሹ አውቀዋለሁ» ሲል በሙሉ ልብ አወጀ። አንሶላው ሲገለጥ ቢጫው ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የሣቀው ራሱ ዘካርያስ ነው፤ የእርቁም ሰዓት ይህች ናት።

በደብተሩ የተጻፈው የመጨረሻ ቁጥር ይህ ነው፦ ቢጫው አሥራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና፣ አረንጓዴው አሥራ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ አሥር፤ ከአምስት ዙር አምስቱም፣ ሳይደክሙ። ወይዘሪት ፍሬሕይወት ግን የሦስት ደቂቃ ፈተና የአርባ ደቂቃን ጨዋታ አይናገርም ብለው፣ ደሊልን ሙሉ ጨዋታ አጫውተው፣ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ስንት ሥዕል እንደሚያሳይ ቆጠሩ። አማካዩን አልፈለጉም፤ ከሁሉ ያነሰውን ፈለጉ፤ ተጫዋች የሚሸነፈው በአማካዩ አይደለምና። ማክሰኞ እንዲሁ ቆጥረው በጻፉት ከሁሉ ያነሰው አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ዓርብ ስድሳ አንድ ሆነ። አጥቂው ጎሉ አፍ ላይ ደርሶ፣ ሳይቆም፣ መታ።

ኦቦ ገመዳም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉምና ወረቀቷን ሊያወርዱ ተነሡ። ደሊልም ልቅደደው ብሎ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ወይዘሪት ፍሬሕይወት፣ በሳምንቱ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንዲህ አሉ፦

«አይቀደድም። ይሰረዝና እዚያው ይቆይ፤ የሰረዝነው ይነበብ። አዲሱ አጠገቡ ይለጠፋል።»

ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ጥቂት አስበውም «የራስሽን ስሕተት ለምን በግድግዳዬ ላይ ታኖሪያለሽ? ሰው ያያል እኮ» አሉ፤ እርሳቸውም «እንዲያይ ነው» ብለው መለሱ። ሁለቱ የጥር ቁጥሮች በቀጭን መስመር ተሰረዙ፣ ከሥራቸው ግን ይታያሉ። አዲሷ ወረቀት ነጥቡን ብቻ አትናገርም፤ ስፍራውን፣ ሰዓቱን፣ የቤቱን ሙቀት፣ የዙሩን ብዛት፣ አጎበሩንም ሳይቀር ትናገራለች። በግርጌዋም በዚያው በጥንቁቅ ጽሕፈት «ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እኩል ናቸው፤ የሚበላለጡት ሁሩታና አዳማ ናቸው» ይላል።

ቅዳሜ የባቱ ቡድን በአለቃቸው በሆራ እየተመራ፣ ዓሣ በበረዶ ጭኖ መጣ። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ፈጀ። አዳማ ሦስት ለሁለት ተሸነፈች። የተሸናፊዎቹም አለቃ ደሊል ተነሥቶ፣ ሕዝቡ ሁሉ ምን ይል ይሆን ብሎ ሲጠብቅ፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ተሸንፈናል። ኮምፒውተሩ አንድም ጊዜ አልቆመም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ኦቦ ገመዳም ከድል ይልቅ በዚህ ደስ አላቸው፤ ዓሣውንም አሸናፊና ተሸናፊ አብረው በሉ። ሆራ ግን ከመብላቱ በፊት ወደ ግድግዳው ሄዶ ሁለቱን ወረቀቶች በስልኩ አነሣ፤ ስለ ባቱም ሙቀት ጠየቀ፤ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ሳይለኩ አልነግርህም አሉት።

ክብር ለወይዘሪት ፍሬሕይወት ኪዳነወልድ፣ የሁሩታን ዳገት ብረት አዝለው ለወጡት፤ ያላዩትን ቁጥር ላልጻፉት፣ የጻፉትንም ላልደበቁት፤ ሙግቱን ላላሸነፉት፣ ነገር ግን ሚዛኑን ላቀኑት፤ ለካቻቢቴያቸው፣ ለደብተራቸው፣ ለእናታቸውም ሳል። ስማቸው ከሞጆ እስከ ወለንጪቲ፣ ከመቂ እስከ ባቱ፣ ፋን በሚዞርበት ቤት ሁሉ ይጠራ። እነሆ ዛሬም ከየከተማው የሚመጣ ሰው በስልኩ የሚያነሣው አዲሷን ወረቀት ነው፤ ቆሞ የሚያነበው ግን የተሰረዘችውን ነው፤ አንብቦም ሲጨርስ አዲሷን ያምናል።